ከአንድ ጀልባ አንደኛ

ክበቡ ሲመሠረት አራት ነበርን፣
ጀልባ ሳይኖረን ማኅተም ያስቀረጽን፦
ሊቀ መንበሩ ባይለየኝ፣ የቀድሞ ባሕረኛ፤
ገንዘብ ያዡ ሙዘሚል፣ በያጅ፣ ጎረቤት የኛ፤
ሶሬቲ፣ የዓሣ አጥማጁ ልጅ፣ ዋና የምታውቅ ብቸኛ፤
እኔ ጸሐፊው፣ የእጅ ጽሕፈቴ የሚያምር፣
ውኃ ከጉልበቴ ካለፈ የምሸበር።

ወረዳ ሄድን፣ ፈቃድ ልንጠይቅ፤
ኃላፊው "ባሕሩስ?" አለን፣ ሳይስቅ።
ባይለየኝ ኮፍያውን አውልቆ፣ "ጌታዬ፣ እኛ አልወሰድነውም፤
ፈቃዱን ብቻ ይስጡን፣ ባሕሩን አንጠይቅዎትም።"

ነገሩ የተጀመረው ነሐሴ ላይ ነው፣ በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን፣
ኦሊምፒክ ነው፤ ሰው ሁሉ ይጠብቃል አስር ሺውን።
በመሃል አንዲት ደሴት ታየች፣
ሕዝቧ ቢቆጠር የኛን ቀበሌ የማይሞላ፤
አንዲት ልጅ ልካለች፣ እሷም ከጀልባዋ ጎን ተንጠልጥላ
ንፋሱን በጀርባዋ ትመዝናለች።
አሥራ ዘጠነኛ ወጣች።
"ቀይሩልን!" አሉ ልጆቹ።
ባይለየኝ ግን ተነሥቶ ብቻውን አጨበጨበ፣
ሻዩ ውስጥ ዝንብ እስኪገባ።

ሆዷን ሙዘሚል ከአራት በርሜል በየደው፣
"ዘይት" የሚል ጽሑፍ ከጎኗ ያለቀቀው።
ምሰሶዋ ባሕር ዛፍ፣ ባሕርን በስም ብቻ የሚያውቅ፣
እንደ ክበቡ አባላት፣ እግሩ ደረቅ።
ሸራዋ ከአደባባይ የወረደ የሎተሪ ማስታወቂያ፣
ፈገግ ያለ ሰውዬ ያለበት፣ ቁልፍ የያዘ።
ባይለየኝ በጆንያ መርፌ እየሰፋ፣
"ሸራ ሁለት ዕጣ አለው፣" አለን፣
"ወይ ያስኬዳል፣ ወይ ያስጠልላል።"

ጥቅምት፣ እሑድ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ዳር።
ከንፋስ ስልክ በኩል ንፋስ ይደውላል ብለን
እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅን። አልደወለልን።
እምቦጩ ሐምራዊ አበባውን ዘርግቶ ከሩቅ ያምራል፤
የአቃቂ ወንዝ ከከተማው ያልተፈለገውን ሁሉ ያመጣል፦
ነጠላ ጫማ፣ ጠርሙስ፣ የአሻንጉሊት እጅ።

በስምንት ሰዓት የአንዲት ላም ጅራት ወደ ጎን ዞረ።
ያየው ባይለየኝ ብቻ ነበረ።
"ፍታ!"
ገመዱን ፈታሁ።
የሰውዬው ጉንጭ በንፋስ ተነፋ፣
በርሜሎቹ አጉረመረሙ፣ ሶሬቲ ወደ ውጭ ተንጠለጠለች፣
እንደዚያች ልጅ፣ ጠጉሯ ውኃውን እየነካ።
ሠላሳ ሜትር። አርባ ቢባል ሐሰት ነው።
ከዚያ እምቦጩ ያዛቸው።

በገመድ ጎተትናቸው፤ ሙዘሚል ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤
ባይለየኝ ከወገብ በታች ርሶ፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ፣
ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ ቆመ።
በዚያ በኩል የሚታየው የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ነበር።

ማታ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ፦ "ውጤት፣ ከአንድ ጀልባ አንደኛ።"
እስክሪብቶዬን ወሰደ፤ ሰረዘው፤
ከበላዩ ዘመም ባለ የባሕር ኃይል ጽሕፈት
አንድ ቃል አሰፈረ፦ "ተመልሰዋል።"
"የሚመዘገበው ይኼ ነው፣" አለ።
"ከምጽዋ በወጣን ሌሊት መዝገብ የያዘ አልነበረም።"

ክረምት ገባ። የወይዘሮ ሸጊቱ ጣሪያ አፈሰሰ፤
ክበቡ በሙሉ ድምፅ ሸራውን ለገሰ።
አሁን ሰውዬው ከቤቷ በላይ ተንጋሎ
ለዝናቡ ፈገግ ይላል፣ ቁልፉን ይዞ።

ንፋስ በተነሣ ሌሊት ውሻዬ ይጮኻል።
በመስኮት አያለሁ፤ ባይለየኝ መሰላል ላይ ነው፣
ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ገመዱን ይነካካል።
የሚያጠብቅ መስሎኝ ነበር። ያላላል።
"ንፋስ ጥቂት ካልተሰጠው፣" ይላል፣
"ቤቱን ይዞ ይሄዳል።"

"ወዴት?" አለች ሸጊቱ
ከውስጥ፣ ሳትተኛ።